ለአፈሩ ቀለብ ይቆረጥለት

ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለአዳማ ከተማ አስተዳደር
ለምሥራቅ ሸዋ ዞን ግብርና ጽሕፈት ቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ በአፈር ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንና ስለሚገባቸው ቀለብ



ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ አቧራው ተነሣ፣ ቆርቆሮው ተንጓጓ፣ ከዚያም ለሩብ ሰዓት ያህል ዶፍ ወረደ። ሲያባራ ያ ሁላችንም የምናውቀው ሽታ ከመሬት ወጣ። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቆማ በረጅሙ ሳበችና «እፎይ፣ አፈር ሸተተኝ» አለች። በዚህ ከተማ ለ31 ዓመታት ባዮሎጂ ሳስተምር፣ በየዓመቱ ልክ በዚህ ወቅት፣ ተማሪዎቼን ከክፍል አስወጥቼ ይህን ሽታ አሸትታቸው ነበር። ሽታው የውሃው አይደለም። ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. የተገኘው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የወጣው ከእነዚሁ ባክቴሪያዎች ወገን ነው። አፈር አሽትተን የምንደሰተው እንግዲህ በሕያዋን ሥራ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው።

ያ የመጀመሪያ ዝናብ ግን ሽታ ብቻ ይዞ አይወጣም። በ1958 እ.ኤ.አ. በርች የተባለ ተመራማሪ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ፣ ሙጉጋ ላይ፣ ደርቆ የከረመ አፈር ሲርስ ምን እንደሚሆን ጽፎ አሳተመ። ደረቁን ወራት አድፍጠው የከረሙት ተሕዋስያን ይነቃሉ። በድርቁ የሞቱትን ባልንጀሮቻቸውንና ያገኙትን ብስባሽ ሁሉ ይበላሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ለሰብል የሚሆን ናይትሮጅንም ይለቀቃል። ክስተቱ እስከ ዛሬ በዚህ ሰው ስም ይጠራል። ዝናቡ ከቀጠለና ናይትሮጅኑን የሚቀበል የሰብል ሥር ካለ ነገሩ በረከት ነው። የእኛ ሰማይ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በልጉ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ ሁለት ሳምንት ያቃጥላል፤ እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይጠፋል። አፈሩ በረጠበ ቁጥር ይነቃል፣ ያለውን ይበላል፣ ይተነፍሳል። ሰብሉ ገና አልተዘራም። ቀጥሎ የሚመጣው ጎርፍ የተለቀቀውን ናይትሮጅን ጠርጎ ወደ አዋሽ ያወርደዋል። አርሶ አደሩ በሰኔ መጨረሻ ሲዘራ የሚያገኘው ስንቁን ጨርሶ የደከመ መሬት ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ሰማይ እናያለን። ትልቁ ክምችት ግን ከእግራችን በታች ነው። በዓለም አፈር ውስጥ፣ የላይኛው አንድ ሜትር ብቻ ቢቆጠር፣ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን አለ። በአየር ላይ ካለው ካርቦን ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ የትኛው በአፈር እንደሚቀር፣ የትኛው ወደ አየር እንደሚወጣ የሚወሰነው በእነዚህ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት ነው። ሙቀት ሲጨምር ፈጥነው ይበላሉ፤ ፈጥነው ሲበሉ ብዙ ይተነፍሳሉ፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ሙቀቱን ያባብሰዋል። በአንድ ግራም አፈር ውስጥ እስከ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በአንድ የሻይ ማንኪያ አፈር ውስጥ ከኢትዮጵያ ሕዝብ የሚበልጥ ነፍስ አለ ብዬ ስነግራቸው ልጆቹ ዝም ይሉ ነበር። እጃቸው ላይ የነበረውን አፈር ቀስ አድርገው መሬት ላይ የሚያስቀምጡም ነበሩ።

አሁን ወደ ማሳ ልውሰዳችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ያርሳል። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በነሐሴ አጋማሽ፣ ልጠይቀው ሄጄ ቦሎቄው አበባ ይዞ ሳለ ደረስኩ። ሰብሉ አላማረም፤ ቅጠሉ ገርጥቷል። «አንቺ መምህር ነሽ፤ እስቲ ይሄ ምን ነክቶት ነው?» አለኝ። በዚያ ዓመት አንድ ቀርጥ መሬት ላይ ሕያው ማዳበሪያ ሞክሮ ነበር። የሕያው ማዳበሪያን ፓኬት ለማታውቁ፦ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ናት፤ ለአንድ ሄክታር ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ውስጧ ያለው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ነው፣ በሕይወቱ። ዘሩ በስኳር ውሃ ትንሽ ይርሳል፣ ጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር ይታሻል፣ በዚያው ቀን ይዘራል። ባክቴሪያው የቦሎቄውን ሥር ያገኝና ይገባል፤ ሥሩም ትናንሽ እባጭ ያወጣና ቤት ይሠራለታል። እዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን ለቦሎቄው ይቀልባል፤ ቦሎቄው በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል።

«ጋሼ፣ አንዱን እንቆፍረው» አልኩት። ቦሎቄ በእጅ ከተነቀለ እባጮቹ አፈር ውስጥ ተበጥሰው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ዙሪያውን በዶማ አንሥተን በጆግ ውሃ አጠብነው። ሥሩ ላይ ጥቂት ደቃቃ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት፤ ውስጡ ነጭ ነው። ሥራ የማይሠራ ባዶ ቤት ማለት ነው። ከዚያ አጥር ለአጥር ወደሚዋሰነው ጎረቤቱ ማሳ ገባን። የእሱ ቦሎቄ ጥቁር አረንጓዴ ነው። አንዱን ቆፍረን አጠብነው። ዋናው ሥር ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ እባጮች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። ወንድሜ ራሱ አንዱን በጥፍሩ ሰነጠቀውና ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው።

«ደም አለው እንዴ?» አለ።

አዎ፣ ሊባል ይችላል። ቀለሙን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ለእኛ ደም ቅላት የሚሰጠው የሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፤ ሥራውም ያው ኦክስጅንን መያዝ ነው። እባጩ ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየተሠራ ነው።

ሁለቱም የዘሩት አንድ ዓይነት ዘር ነው፤ ፓኬቱንም የወሰዱት ከአንድ መጋዘን ነው። ልዩነቱን ያወቅነው ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስንጠያየቅ ነው። ጎረቤቱ ፓኬቱ እንደመጣ በማግሥቱ ወስዶ ጓዳ ውስጥ፣ ከእንስራው ሥር እርጥብና ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አስቀምጧል። የወንድሜ ፓኬት ግን ቆርቆሮ በለበሰው መጋዘን ውስጥ፣ ከዩሪያው ኩንታል አናት ላይ፣ ለሦስት ሳምንት ከርሟል። በዚህ አገር ፀሐይ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለወንድሜ የተሰጠው የሞተ ባክቴሪያ ነበር። የመጋዘኑን ስም አላነሣም፤ በዚያ መጋዘን የሚሠራው ሰውም የተቀበለውን ዕቃ እንደ ማንኛውም ዕቃ በሥርዓት ደርድሮ ያስቀመጠ ሰው ነው። ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የነገረው የለም። ዩሪያ ሦስት ሳምንት ሙቀት ውስጥ ቢከርም ዩሪያ ነው። ይሄ ግን እንደ ጫጩት ነው፣ እንደ እርሾ ነው። እርሾን ፀሐይ ላይ የምታሰጣ እናት የለችም።

ዩሪያን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ያለ እሱ ይህን ሕዝብ መመገብ እንደማይቻል አውቃለሁ። አገራችን በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ማዳበሪያ ከውጭ ታስገባለች፤ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥተው መተሐራን፣ ወለንጪቲን አልፈው በደጃችን የሚያልፉት መኪኖች ምን እንደጫኑ በወቅቱ ሁላችንም እናያለን። ያ ዩሪያ የተሠራው ከአየር በተወሰደ ናይትሮጅን ነው፤ ለዚያም ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ እጅግ ከፍተኛ ግፊትና ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ያስፈልጋል። አንዱ ኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በወንድሜ ጎረቤት ማሳ ላይ ያየናት ቀይ እባጭ ያንኑ ሥራ የምትሠራው በማሳው ሙቀት፣ ያለ እሳት፣ ያለ መርከብ፣ ያለ ዶላር ነው። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ይህችን ባክቴሪያ ለይቶ ያወጣት በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። እኛም አገር አዲስ ነገር አይደለችም። መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ድርጅት ሕያው ማዳበሪያ እዚሁ አገር ውስጥ ያመርታል። ለቦሎቄ የሚስማማ ዝርያ በአገራችን ተመራማሪዎች ተለይቷል። የቦሎቄው ምርምር እናት ቤት የሆነው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ ከአዳማ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ መንገድ ላይ ነው። አዋሽ-1ንና ናስርን የመሰሉ በስምጥ ሸለቆው የታወቁ የቦሎቄ ዝርያዎች ያለፉት በእሱ እጅ ነው። ዕውቀቱ በደጃችን አለ። የጎደለው ከመጋዘን እስከ ማሳ ያለው መንገድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፓኬቷ ሁሉን አትፈታም። ቦሎቄ ከባቄላና ከአኩሪ አተር ጋር ሲተያይ ናይትሮጅን በመያዝ ሰነፍ ነው። መሬቱ ፎስፈረስ ካጠረው ባክቴሪያው ቤቱን መሥራት አይችልም። ዝናብ ከጠፋም ከሰብሉ ጋር አብሮ ይጎዳል። የተሻለ ምርት የማይታይባቸው ማሳዎችም አሉ። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ገበሬ አንድ ጊዜ ተስፋ ተሰጥቶት ካልሆነለት ሁለተኛ እንደማያምን ስለማውቅ ነው። ወንድሜን ለሁለተኛ ጊዜ እንዲሞክር ለማሳመን አንድ ሙሉ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዋናውና የሚያንገበግበኝ ነገር ሌላ ነው። ሕያው ማዳበሪያ ዘር ነው፤ የሚዘራበት አፈር ራሱ እየተራበ ነው። ባክቴሪያውም ፈንገሱም እንደማንኛችንም ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለቡ ገለባ፣ ቅጠል፣ እበት፣ የሰብል ሥር ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ከወለንጪቲ ወይም ከመቂ ወደ አዳማ ስትመጡ መንገዱን ልብ ብላችሁ እዩት። የጤፍ ጭድ በአይሱዙ እስከ ሰማይ ተከምሮ ወደ ከተማ ይገባል፤ ከፊሉ ለከብት፣ ከፊሉ ለግድግዳ ጭቃ። ሴቶች ኩበት በጆንያ ተሸክመው ይመጣሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ተሰልፎ ገዢ ይጠብቃል። ሽንኩርቱም ቲማቲሙም በዚያው መንገድ ይገባል። ይህ ሁሉ ከአፈሩ የወጣ ካርቦን ነው። ወደ ማሳው የሚመለስ ግን የለም። ማሳው ከመከር በኋላ ራቁቱን ይቀራል፤ የቀረውን ቃርሚያ ከብት ይግጠዋል፤ በየካቲት እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር ቆማችሁ አትረግጡትም። እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ያለ ቀለብ፣ የቱ ነፍስ ይሠራል?

ኩበት የምትለቅም ሴትን መውቀስ አይገባም። እሳት የሌላት እናት ልጆቿን ምን ታብላ? ቀለብ የነሣነው አፈር ግን ድርቅ ሲመጣ መልሶ ይቀጣናል። ብስባሽ ያለው አፈር ውሃ ይይዛል፤ የፈንገስ ክርና የባክቴሪያ ሙጫ አፈሩን አጣብቀው እንደ ሰፍነግ ያደርጉታል። በ2008 ዓ.ም. የኤል ኒኞ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ወገናችንን እርዳታ ጠባቂ ባደረገበት ጊዜ፣ በወንድሜ ማሳ ላይ ሰብል የቆመው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፦ የድሮው በረት የነበረበት፣ እበት ለዓመታት የተጠራቀመበት ጥግ። ከዚያ ጥግ አንድ እርምጃ ሲወጣ ሁሉም ደርቋል። ድንበሩ በገመድ የተለካ ይመስል ነበር።

ነጩ ግራርም ይህንኑ ያስተምር ነበር። በኦሮምኛ ገርቢ የምንለው፣ ከሞጆ እስከ መቂ በየማሳው መሀል ብቻውን ቆሞ የምናየው ዛፍ ነው። ተፈጥሮው ከዛፍ ሁሉ ይለያል፤ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለብሳል። ስለዚህ ሰብሉን አያጠላበትም፤ ቅጠሉ ልክ ዝናቡ ሲመጣ ወድቆ ለተሕዋስያኑ ቀለብ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ለከብቱ ጥላና ፍሬ ይሰጣል። የቦሎቄው ዓይነት የባክቴሪያ ሽርክና የእሱም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሴኔጋል ውስጥ በዚህ ዛፍ ሥር እነዚህ ባክቴሪያዎች እስከ 34 ሜትር ጥልቀት ድረስ በሕይወት ተገኝተዋል። ከአሥር ፎቅ ሕንፃ የሚበልጥ ጥልቀት ነው! አባቶቻችን ይህን በመሣሪያ አልለኩትም፤ በገርቢ ሥር ያለ ጤፍ ከሌላው እንደሚበልጥ ግን በዓይናቸው ያውቁ ስለነበር ሲያርሱ ዛፉን ዞረው ያልፉት ነበር። በሕይወቴ ዘመን ብዙው ወደ ከሰል ሲለወጥ አይቻለሁ። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ በየዓመቱም ከጡረተኞች ማኅበር ጋር ወጥቼ ተክያለሁ። ነገር ግን በማሳ ውስጥ በራሱ የበቀለውን የገርቢ ቡቃያ ማሳደግ፣ ከሩቅ የመጣ ችግኝ ከመትከል የሚቀልና የሚጸድቅ ሥራ ነው።

በሰብል ሥር የሚዘረጉ ፈንገሶችም አሉ፤ ማይኮራይዛ ይባላሉ። ከፀጉር የቀጠነ ክራቸውን ከሥሩ አርቀው ዘርግተው ፎስፈረስና ውሃ ይስቡለታል፤ ዕፅዋት በክፍያ መልክ ካርቦን ይሰጧቸዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 13 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያክል በዚህ መንገድ ወደ ፈንገሶቹ እንደሚወርድ ገምቷል፤ ይህ ዓለም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል በዓመት ከምታወጣው ከሲሶው ይበልጣል። ሁሉም እዚያው አይቀርም፤ ቢሆንም መጠኑ ያስደነግጣል። ጤፍ ለመዝራት መሬቱን አራት አምስቴ ስናርስ ይህን ክር በየጊዜው እንበጥሰዋለን።

ከአፈሩ ያመለጠው ወዴት እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ቆቃ ይሂድ። ግድቡ በ1960 እ.ኤ.አ. ካለቀ ጀምሮ በየክረምቱ ደለል ይቀበላል፤ ደለሉ ለም አፈራችን ነው። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በአገራችን መጀመሪያ የታየውም እዚያ ነው፣ በ1965 እ.ኤ.አ.። ዛሬ ደምበል ሐይቅ ላይም አለ። እምቦጭ የሚወፍረው አፈር ሊይዘው ባልቻለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ከሽንኩርቱ ማሳ ሳይያዝ ያለፈው ዩሪያ ከፊሉ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከፊሉን ደግሞ ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትረስ ኦክሳይድ ያደርጉትና ወደ አየር ይወጣል፤ ይህ ጋዝ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ያጠምዳል። በውድ የተገዛ ማዳበሪያ ገበሬውን ሳይጠቅም ሰማዩን ያሞቃል።

አሁን ወደ ከተማችን ልመለስ። ሰኞም ሐሙስም ገበያው ሲበተን ምን እንደሚቀር እዩ፤ የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቲማቲም፣ የሙዝ ግንድ፣ የጫት ገራባ። ከዚህ ሁሉ ላይ ፌስታል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ፌስታሉን አንሥቶ በከተማዋ ዙሪያ ባለው ማሳ ላይ ይበትነዋል። በቆሻሻ ክምር ውስጥ፣ አየር በሌለበት፣ ያው የምግብ ትርፍ በሌሎች ተሕዋስያን እጅ ሚቴን ይሆናል። አየር እያገኘ፣ እየተገላበጠ ቢበሰብስ ግን ኮምፖስት ነው። ይህ ለአዳማ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የከተማ ደረቅ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት ለመለወጥ በተጀመረው አገር አቀፍ ፕሮጀክት ከተመረጡት 6 ከተሞች አንዷ አዳማ ናት፤ ቢሾፍቱም አለችበት። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በሠሩት ሥራ፣ በደንብ የተዘጋጀ ኮምፖስት ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት እንደሚያስገኝ አሳይተዋል። ትግራይ ላይ የሆነው ወለንጪቲ ላይ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህ ነው።

ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ፦ ሕያው ማዳበሪያውን ከዩሪያው ጋር በአንድ መጋዘን አታስቀምጡት። አዲስ ሕንፃ አልጠይቅም። የከብት ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ባለበት የእንስሳት ጤና ኬላ ሁሉ አንድ መደርደሪያ ይሰጠው፤ ክትባትን በቅዝቃዜ ማቆየት የቻሉ ባለሙያዎች ይህንንም ይችላሉ። ከዚያ ለገበሬው የሚታደለው ዘር ሊዘራ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይሁን። የልማት ሠራተኞቻችሁ ደግሞ በነሐሴ አጋማሽ፣ አበባው ሲወጣ፣ በየቀበሌው ከአምስት ማሳ አምስት አምስት ቦሎቄ ቆፍረው እባጩን ሰንጥቀው ይዩ። ቀይ ስንት፣ ነጭ ስንት ብለው ይጻፉ። ዶማና ጥፍር እንጂ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ዛሬ ሪፖርታችሁ ስንት ኩንታል እንደታደለ ይናገራል፤ የታደለው በሕይወት ይኑር አይኑር የሚናገር ዓምድ የለውም። እሱን አንድ ዓምድ ጨምሩልን።

ለከተማ አስተዳደሩ፦ የገበያው ትርፍ ገበያው ላይ ይለይ፤ ፌስታሉ ከገባ በኋላ መልቀም አይቻልም። ፌስታል ያለበትን ኮምፖስት ገበሬ አይወስድም፣ ልክም ነው። የሚሸከመው መኪናም አለ። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርት፣ ከወለንጪቲ ጭድ ጭኖ የገባው አይሱዙ ሲመለስ ባዶውን ነው የሚመለሰው። ባዶውን የሚመለስ መኪና በትንሽ ክፍያ ኮምፖስት እንዲጭን የሚያዋውል አንድ ሰው ብትመድቡ፣ ከገጠር የወጣው ቀለብ ቢያንስ ከፊሉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በጡረታ ላይ ያለን መምህራን ልየታውን ለነጋዴዎቹ ለማስተማር ፈቃደኞች ነን። እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ያለ ክፍያ።

የዚህች ከተማ ሰዎች፣ እናንተም አላችሁበት። የጎመኑን ቅጠል ከፌስታሉ የሚለየው ከማንም በፊት የእናንተ እጅ ነው። ጠዋት የምትበሉት ጤፍ የበቀለበት ማሳ ሩቅ አይደለም፤ ከከተማዋ ዳር ቆማችሁ ታዩታላችሁ።

የቦሎቄ ዘር ወቅት ሊደርስ የቀረው ከስድስት ሳምንት አይበልጥም። ወንድሜ ዘንድሮ ሁለት ቀርጥ ሊሞክር ተስማምቷል፤ የበረቱንም እበት ለኩበት ሳይሆን ለማሳው አቆይቶታል። ፓኬቱ በሕይወቱ ይድረሰው። በነሐሴ አጋማሽ ዶማና አንድ ጆግ ውሃ ይዘን ማሳው ላይ እንጠብቃችኋለን፤ መጥታችሁ በገዛ ጥፍራችሁ ሰንጥቃችሁ እዩት።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንዲት የአዳማ ነዋሪ፣ በጡረታ ላይ ያለች የባዮሎጂ መምህርት

ግልባጭ፦
ለወለንጪቲ፣ ለሞጆ፣ ለመቂና ለባቱ ገበሬዎች
ለአዳማ ገበያ ነጋዴዎች